ጥሬ ወተት ለቤተሰብ ይጠጣ ወይ? ከበረት እስከ ኩባያ

ከሰፈር ላም አርቢ የመጣ ወተት ነጭ፣ ወፍራምና ጣፋጭ ሆኖ ሳለ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወይም የብሩሴላ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። እነዚህ ተሕዋስያን ሽታ የላቸውም፣ ቀለም አይለውጡም፣ ወተቱንም አያቆመጥጡትም። ወተቱን አይቶ፣ አሽትቶና ቀምሶ «ይኼ ጥሬውን ይጠጣል» የሚል ሰው የፈረደው ስለ ትኩስነቱ ነው እንጂ ስለ ደኅንነቱ አይደለም።

አቋማችን ግልጽ ነው፦ በቤተሰብ ውስጥ ወተት ሳይፈላ አይጠጣም። ማፍላት ግን ሁሉንም አይፈታም። እሳት የሚገድለው አለ፤ ሳንባ ነቀርሳ፣ ብሩሴላ፣ ሳልሞኔላ፣ ካምፓይሎባክተር፣ ሊስቴሪያና ኢ. ኮላይ ሁሉም በደንብ በፈላ ወተት ውስጥ ይሞታሉ። እሳት የማይነካውም አለ፤ ከሻገተ መኖ የሚመጣው አፍላቶክሲን፣ ላሟ ከተወጋችው መድኃኒት የሚቀረው ርዝራዥ፣ ወተቱ ሞቅ ባለ ቦታ ሲቆይ ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚተፋው መርዝ። የመጀመሪያውን ወገን ምድጃዎ ላይ ይጨርሱታል። ሁለተኛውን ማስቀረት የሚቻለው ግን ወተቱን ከማን እንደሚገዙ በመምረጥና ሞቅ ባለ ቦታ ባለማቆየት ነው።

ደረጃ 1፦ በቤቱ ማን ይጠጣል?

ውሳኔው የሚለካው በቤቱ ውስጥ በጣም ደካማ በሆነው ሰው ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ሆዱን ታሞ በሳምንት የሚያልፈው ነገር ከ5 ዓመት በታች ያለን ልጅ ኩላሊት ሊያቆም ይችላል። ኢ. ኮላይ ኦ157 የሚባለው ዝርያ ለማሳመም ከ100 ያነሱ ባክቴሪያዎች ይበቁታል፤ ከወተቱ 3 ወይም 4 ቀን በኋላ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይጀምራል፣ ከታመሙት ልጆች ጥቂቶቹም ኩላሊታቸው ይጎዳል።

ነፍሰ ጡር ሴት ሁለት ጠላት አለባት። ብሩሴላና ሊስቴሪያ ሁለቱም ሊያስወርዱ ይችላሉ፤ ሊስቴሪያ ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜም ይራባል፣ ስለዚህ «ፍሪጅ ውስጥ ነበር» የሚለው ማስተማመኛ አይሆንም። አረጋውያን፣ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉና የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመምተኞችም እዚሁ ይመደባሉ።

ለአራስ ሕፃን ለጋ ቅቤ ማዋጥ አሁንም በብዙ ቦታ ይደረጋል። ለጋ ቅቤ ካልፈላ ወተት የሚወጣ ነው፤ ብሩሴላ ቅቤ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ቅቤም፣ የላም ወተትም፣ በውኃ የቀጠነ ወተትም አይሰጥ። አያት ቢቆጡም እንኳ ቁጣውን መቻል ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ሻጩን ይጠይቁ

ብዙ ሰው ዋጋውን ጠይቆ ይመለሳል። በረቱን አንድ ቀን ሄዶ ማየትና የሚከተሉትን መጠየቅ ግን እሳት የማይነካውን አደጋ የሚቀንሰው ዋናው መንገድ ነው። ጥሩ አርቢ በጥያቄ አይቆጣም።

ከብቶቹ ተመርምረው ያውቃሉ? ለሳንባ ነቀርሳ የሚደረገው ምርመራ በላሟ አንገት ቆዳ ላይ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ ሐኪሙ ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሶ እብጠቱን ይለካል። «አንዴ መጥቶ አይቶ ሄደ» ከተባለ ምርመራው አልተጠናቀቀም ማለት ነው። ለብሩሴላ ደግሞ ደም ይወሰዳል። ላሚቱ ወፍራምና ጤነኛ መምሰሏ ምንም አይነግርዎትም። በመካከለኛው ኢትዮጵያ በ88 የወተት ከብት በረቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ከብቶች 30 በመቶው ሳንባ ነቀርሳ እንዳለባቸው፣ ከበረቶቹም ግማሾቹ የተያዘ ከብት እንዳላቸው አሳይቷል። በጠባብ በረት ተፋፍገው የሚያድሩ የፈረንጅና የዲቃላ ላሞች ከሐበሻ ላም የበለጠ ይያዛሉ፤ የሐበሻ ላም ግን ነጻ ናት ማለት አይደለም።

በቅርቡ የጨነገፈች ላም አለች? በተለይ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ወራት ላይ ከሆነ ብሩሴላን ይጠርጥሩ። መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ላሟ ተመርምራ ነጻ እስክትሆን ከዚያ በረት አይግዙ።

የታመመች ላም ስትወጋ ወተቱ የት ይሄዳል? አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ወተቷ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከጥቂት ቀናት እስከ ከሳምንት በላይ ለሰው መሸጥ የለበትም፤ ቀኑ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ይጻፋል። ጥሩው መልስ «እናፈሰዋለን» ነው። «ከሌላው ጋር እንቀላቅለዋለን» የሚል ካገኙ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። ርዝራዡ ፔኒሲሊን የማይስማማውን ሰው ሊያሳምም ይችላል፤ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን እየለመዱት ይሄዳሉ።

ምን ትበላለች? ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ከተሞች ከሁሉም የሚከብድ ነው። የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው መኖ) ርጥበት ባለበት ሲከማች ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን ያመርታል፤ ላሟ በልታው በሰዓታት ውስጥ የተለወጠው መርዝ ወተቷ ላይ ይታያል። በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም አፍላቶክሲን እንደነበረባቸው እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው 0.05 ማይክሮግራም በሊትር በታች የተገኙት 9 ብቻ ሲሆኑ፣ 29ኙ ከ0.5 በላይ ነበሩ። ዋናው ምንጭም ፋጉሎ ነበር። ማፍላትም፣ ማርጋትም፣ ማቀዝቀዝም ይህን መርዝ አያጠፋውም። ስለዚህ መጋዘኑን ይዩ፦ ጆንያው ከመሬት በእንጨት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ፋጉሎው ከጠጠረ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ ካለበት፣ የሻገተ ከሸተተ ያ ወተት ለልጅ አይሆንም። ድርቆሽና ሣር በብዛት፣ ፋጉሎ በመጠኑ የሚሰጥ አርቢ ይሻላል። የሻገተው መኖ ሲቆም ወተቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠራል፤ ስለዚህ አርቢውን ማስረዳት ከንቱ ልፋት አይደለም።

እንዴት ይታለባል? ከቻሉ በማለቢያ ሰዓት ይሂዱ። አላቢው እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ግቷን በንጹሕ ውኃ አጥቦ ለእሷ ብቻ በተለየ ጨርቅ ያደርቃል። እርጥብ ግት ሲታለብ ቆሻሻው ውኃ በጣቶቹ ሥር ወርዶ ወተቱ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ ብዙ አርቢ የሚስተው ይህን ነው። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያዎቹን 2 ወይም 3 ጭማቂዎች ጠቆር ያለ ኩባያ ላይ ይጨምቃል። ነጭ ፍርፋሪ፣ ውኃ የመሰለ ነገር ወይም ደም ከታየ የግት በሽታ አለ፤ የዚያች ላም ወተት ለብቻ ይደፋል። ጥጃዋ ለማውረድ ከጠባች ግቱ እንደገና ይታጠባል።

ደረጃ 3፦ ወተቱን ሲረከቡ

ከታለበ 2 ሰዓት ያልሞላው ወተት ይግዙ። ሞቅ ባለ ወተት ውስጥ ባክቴሪያ በየ20 እስከ 30 ደቂቃው እጥፍ ሊሆን ይችላል። በጾም ወራት ገዢ ስለሚቀንስ የትናንቱ ከዛሬው ጋር ተቀላቅሎ ሊሸጥ ይችላል፤ በዚያ ሰሞን የታለበበትን ሰዓት አጥብቀው ይጠይቁ።

በሃይላንድ ጠርሙስ ወይም በአሮጌ ጀሪካን አይቀበሉ። አንገታቸው ጠባብ ስለሆነ ውስጣቸው በእጅ አይታሸም፤ ጥጉ ላይ የሚቀረው የወተት ቅሪት አዲሱን ወተት ይበክላል። ሰፊ አፍና ክዳን ያለው የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ይዘው ይሂዱ።

በቤት የሚሠሩ ሦስት ፍተሻዎች አሉ። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ ትኩስነትና ስለ መጭበርበር ነው፤ ስለ በሽታ አንዳች አይናገሩም።

አንደኛው ቀላሉ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት በትንሽ ዕቃ ለብቻው ያፍሉ። ከተበጣጠሰ ወይ ኮምጥጧል፣ ወይ የግት በሽታ ያለባት ላም ወተት ነው፣ ወይም እንገር ተቀላቅሎበታል። ይህን ሳያደርጉ 5 ሊትሩን በአንድ ድስት ማፍላት ሁሉንም ሊያስደፋዎት ይችላል።

ሁለተኛው ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ይፈልጋል። እኩል መጠን ወተትና አልኮል በትንሽ ብርጭቆ ቀላቅለው ያዘንብሉት፤ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ጥቃቅን ፍርፋሪ ከታየ ወተቱን አይቀበሉ። የተፈተሸው ይደፋል፣ አይጠጣም።

ሦስተኛው ላክቶሜትር፣ ማለትም የወተትን ጥግግት የሚለካ መሣሪያ ነው። ያልተነካ የላም ወተት በ20 ዲግሪ ከ1.028 እስከ 1.032 አካባቢ ያነባል። ወተቱ ሞቅ ካለ ከ20 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.0002 ይጨምሩ። ውኃ ቁጥሩን ያወርዳል፤ ስቡ ሲገፈፍ ደግሞ ቁጥሩ ይወጣል። ስለዚህ ገፎ ውኃ የጨመረ ሻጭ ትክክለኛ ቁጥር ሊያሳይዎ ይችላል። ከቁጥሩ ጋር ስልባቦቱንም ይዩ፤ ሲፈላ ስልባቦቱ እንደ ወትሮው ካልወፈረ ተገፏል።

አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። በሞቃት ክፍል ውስጥ ሙሉ ቀን ተቀምጦ ያልኮመጠጠ ጥሬ ወተት ሊያስደስትዎ አይገባም። ወይ የመድኃኒት ርዝራዥ አለበት፣ ወይ እንዳይበላሽ የተጨመረበት ነገር አለ። በወይራ የታጠነ ዕቃም ኩምጣጤን ያዘገያል፤ እሱን ለይተው ይጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ማፍላት

ወፍራም ታች ያለው ሰፊ ድስት ይምረጡ። በጥቂት ንጹሕ ውኃ ቀድመው ያለቅልቁት፤ ወተቱ ታች እንዳይይዝ ይረዳል። ከድስቱ ሁለት ሦስተኛ በላይ አይሙሉ።

መካከለኛ እሳት ላይ ጥደው ያማስሉ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። ወተት ሲሞቅ ላዩ ላይ ቀጭን ስልባቦት ይሠራል፤ ከታች የሚነሣው እንፋሎት በዚያ ሥር ታፍኖ ወተቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ወተቱ የሚገነፍለው ሁሉም ክፍሉ እኩል ሳይሞቅ ሊሆን ይችላል። «ገነፈለ፣ ፈላ» ብሎ ወዲያው ማውረድ ትክክል አይደለም። ሲነሣ እሳቱን ይቀንሱ፤ ስልባቦቱን በማንኪያ እየሰበሩ ቀስ ብሎ እየተንተከተከ 2 ደቂቃ ያቆዩት። የድስቱን ዳርና የማማሰያውን እጀታም ወተቱ ይንካው፤ እዚያ የደረቀው ጠብታ ጥሬ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ፈሳሽ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ሊያሳስብ አይገባም። ፋብሪካዎች ወተትን በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ወይም በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው የሚያክሙት። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ጣዕሙ እንዳይለወጥ ከፈለገ ሳያፈላ እያማሰለ 75 ዲግሪ አድርሶ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሊያቆየው ይችላል፤ የሚለካው ግን ድስቱ መሃል እንጂ ታቹ አይደለም።

ማፍላት ወተቱን ባዶ ያደርገዋል የሚለው ስጋት ብዙ ሰው ጥሬውን እንዲመርጥ አድርጓል። ካልሲየሙ አይጠፋም፣ የፕሮቲኑ የምግብ ዋጋም አይቀንስም። ቫይታሚን ሲና አንዳንድ የቢ ቫይታሚኖች በመጠኑ ይቀንሳሉ፤ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ወተት ውስጥ ሲጀመርም ጥቂት ነው። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰውም በጥሬው አይድንም፤ ሆድ የሚነፋው የወተት ስኳር በጥሬውም በፈላውም እኩል አለ።

ደረጃ 5፦ ከእሳት ከወረደ በኋላ

የፈላ ወተት እንደገና ሊበከል ይችላል፤ ጥሬው በመጣበት ዕቃ መልሶ መገልበጥ ልፋቱን ሁሉ ያጠፋዋል። ክዳኑን ገጥመው ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ውኃውን አንዴ ሁለቴ ይቀይሩ፤ ከዚያ ፍሪጅ ይግባ። በ4 ዲግሪ 2 ቀን፣ ቢበዛ 3 ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ የጠዋቱን ጠዋት ይጨርሱ፤ ለማታ የሚቀረውን ክዳኑን ሳይከፍቱ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው ሳይውል ሳያድር እንደገና አፍልተው ይጠጡት። አንዳንድ ባክቴሪያዎች መፍላትን የሚቋቋም ዘር ስላላቸው ሞቅ ባለ ቦታ ያደረ ወተት እንደገና ቢፈላም አይመከርም። የላስቲክ ወተትም ከቀዝቃዛ ቦታ ውጭ ሲሸጥ ካዩት ያፍሉት።

ዕቃን በወይራ ወይም በጥንጁት ማጠን መልካም ልማድ ነው። ጭሱ ዕቃው ላይ ያለውን ተሕዋስ ይቀንሳል፣ ወተቱም ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ያደርጋል። ወተቱ ይዞት የመጣውን ብሩሴላ ግን አይገድልም፤ ማጠን የማፍላት ምትክ አይሆንም።

እርጎ፣ አይብና ቅቤ

«ኮምጥጧልና ምንም የለበትም» የሚለው አባባል ብዙ ቤተሰብ አሳስቷል። የእርጎ ኩምጣጤ ባክቴሪያን ያዳክማል፤ ሳንባ ነቀርሳን፣ ብሩሴላንና ኢ. ኮላይን ግን ለቀናት ላይገድል ይችላል። እርጎን ከፈላ ወተት ያርጉት። የፈላ ወተት የራሱ አርጊ ባክቴሪያ ስለሞተ ዝም ብሎ ቢቀመጥ በደንብ አይረጋም፤ መራራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እርሾ ይፈልጋል። ወተቱ ቀዝቅዞ ጠብታው በእጅ አንጓ ላይ ሞቅ የሚል ግን የማያቃጥል ሲሆን፣ ለ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ እርጎ ይጨምሩ፣ ይክደኑት፣ በፎጣ ጠቅልለው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያቆዩት፤ በብርድ ወቅት ከዚያ በላይ ይወስዳል። እርሾው ራሱ ከጥሬ ወተት የረጋ ከሆነ ግን ያጠፉትን በሽታ በማንኪያ መለሱት ማለት ነው። የመጀመሪያውን እርሾ ከፋብሪካ እርጎ ይውሰዱ፤ ከዚያ በኋላ ከራስዎ ያስቀሩ። ይህን ሁሉ አድርገው ሌላው ወተት ሲረጋ የአንዱ ሻጭ ወተት ደጋግሞ እምቢ ካለ፣ የመድኃኒት ርዝራዥ ይጠርጥሩና ይጠይቁት።

አይብ «የበሰለ ነው» ይባላል። አይቡ ከአጓቱ ለመለየት ግን ከ40 እስከ 50 ዲግሪ የሚሆን ሙቀት ይበቃዋል፤ ይህ ብሩሴላን ለመግደል አስተማማኝ አይደለም። ከፈላ ወተት በረጋ እርጎ ተንጦ የወጣ አሬራ ይሻላል። ንጥር ቅቤ በእሳት ላይ ውኃው ሁሉ እስኪወጣ ስለሚነጠር ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ነጻ ነው፤ ለጋውን ግን ልጅና ነፍሰ ጡር አይብሉት።

የራስዎ ላም ካለች

ላም ከመግዛትዎ በፊት ያስመርምሩ፤ ከገዙ በኋላ በዓመት አንዴ ይድገሙ። በወረዳዎ ያለው የእንስሳት ሐኪም ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ሊልክ ይችላል፤ ሰበታ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም ይህን ይሠራል። አዲስ ላም ውጤቷ እስኪመጣ ከሌሎቹ ተለይታ ትቁም። ሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽም ስለሚተላለፍ ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር አይደሩ። ስታዋልዱ ወይም የጨነገፈውን ስታነሱ ባዶ እጅ አይሁን፤ ብሩሴላ በእጅ ላይ ባለ ጭረትም ይገባል። እንግዴ ልጁ በጥልቅ ይቀበር፣ ለውሻ አይጣል።

ከአገር ውጭ ለሚኖሩ

በአሜሪካ ጥሬ ወተትን ከግዛት ወደ ግዛት ለሽያጭ ማጓጓዝ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ በግዛቱ ውስጥ ግን እንደየሕጉ ይለያያል። እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ቦታዎች መደብር ላይ መገኘቱ ፈቃድን እንጂ ደኅንነትን አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኤች5ኤን1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ቫይረስ በአሜሪካ የወተት ላሞች ላይ ተገኝቷል፤ በታመሙት ላሞች ጥሬ ወተት ውስጥም ሕያው ቫይረስ ታይቷል። በሙቀት የታከመው ወተት ግን ለመጠጥ ደኅና ሆኖ ተገኝቷል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጥሬ የግመል ወተት ብሩሴላ ያመጣል፤ ሜርስ የተባለውን ቫይረስ ስለሚሸከሙ ግመሎችም የዓለም ጤና ድርጅት ጥሬ ወተታቸው እንዳይጠጣ ይመክራል። የግመል ወተትም ይፈላል፤ በሶማሌና በአፋር ለሚጠጣውም ይኸው ይሠራል።

ጥሬ ወተት ከተጠጣ

ምልክት ሳይኖር መድኃኒት አይዋጥ። በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ተቅማጥን ይከታተሉ። ደም ካለበት፣ ልጁ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከገረጣ ወይም ከደከመ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ለደም ተቅማጥ በራስ ፈቃድ አንቲባዮቲክ መስጠት በኢ. ኮላይ ኦ157 ላይ ኩላሊቱን የባሰ ሊጎዳው ይችላል።

ብሩሴላ የሚያመጣው በሽታ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ከሳምንታት እስከ ወራት ይፈጃል። የሚሄድ የሚመጣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ድካም ያስከትላል። ይህን ሁሉ ወባና ታይፎይድም ስለሚያመጡ በሽተኛው የታይፎይድ መድኃኒት ደጋግሞ ወስዶ ሳይድን ሊቆይ ይችላል። ብሩሴሎሲስ ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ ለ6 ሳምንት ያህል ይታከማል፤ ካቋረጡት ይመለሳል። የማይጠፋ የአንገት ንፍፊት ከታየ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይጠይቁ፤ ከከብት የሚመጣው ዝርያ ከተለመዱት መድኃኒቶች አንዱን፣ ፒራዚናማይድን፣ በተፈጥሮው ስለሚቋቋም ሐኪሙ ይህን ማወቁ ሕክምናውን ይለውጠዋል። ስለዚህ ካርድ ክፍል ሳይሆን ሐኪሙ ፊት፣ ሳይጠየቁም ቢሆን፣ ጥሬ ወተት መጠጣትዎን፣ ከየት እንደተገዛና ከስንት ጊዜ በፊት እንደሆነ ይናገሩ።